ለእያንዳንዱ አሳማ ሳን ማርቲኑ ይደርሳል

ማድሪድ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጽኑ ስለታመመ ደግ ጎረቤቱ ሲያወራ «ለእያንዳንዱ አሳማ ሳን ማርቲኑ ይደርሳል» ብሎ ደመደመ፤ ለበደለኛ የፍዳው ቀን አይቀርለትም ማለት ነው፤ ያማረ አባባል ያለቦታው መዋሉ አሳዘነኝ።

ማርቲን ከላቲኑ ማርቲኑስ የመጣ ስም ሲሆን፣ ትርጉሙ የሮማውያን የጦርነት አምላክ «የማርስ» ማለት ነው። አባባሉ የሚጠራው ግን በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረውን፣ በዛሬይቱ ፈረንሳይ የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረውን ቅዱስ ማርቲን (ሳን ማርቲን) ነው። የሮማ መኮንን ልጅ የነበረው ይህ ቅዱስ፣ ገና ወታደር ሳለ በአሚየን ከተማ በር ላይ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ለማኝ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ከፍሎ እንደሰጠ ይተረካል። በዓሉ ኖቬምበር 11፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2 ገደማ ይውላል።

በስፔን ገጠር ይህ ቀን «ማታንሳ» የሚሉት የቤተሰብ የአሳማ እርድ ወቅት መግቢያ ነው። በጓዳ ትራፊና በበሉጥ ፍሬ ሲቀለብ የከረመው አሳማ ብርድ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ሥጋውን ከዝንብና ከብልሽት የሚያድነው ውርጩ ነበርና። ጎረቤት ይጠራራል፤ ወንዶቹ አሳማውን ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ደሙን እንዳይረጋ እያማሰሉ ይቀበላሉ። ከደሙ ሞርሲያ፣ ከሥጋውና ከቀይ በርበሬው ቾሪሶ ተሠርቶ በታጠበው አንጀት ይሞላል፤ የኋላ እግሮቹ ጨው ውስጥ ተቀብረው ሃሞን ይሆናሉ፤ ልጆችም ፊኛውን ነፍተው ይጫወቱበታል። እኛ ዘንድ አሳማ ባይበላም፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር በልጅነቴ ጎረቤቱ ተሰብስቦ የቅርጫ መደብ ሲደለድል ያየሁት ይመጣብኛል።

ቀኑ ብቻ ይህን አባባል ወለደው ብዬ አላምንም፤ እርዱ እስከ ጥር ይዘልቃል፤ ኖቬምበር 30 ለሚውለው ለቅዱስ እንድርያስም «በሳን አንድሬስ ከብትህን እረድ» ይላሉ። እንደ እኔ እምነት ምስጢሩ ካባው ነው። ያረደ ሰው ከሞርሲያውና ከሥጋው ለጎረቤት፣ ለቄሱና ለመምህሩ በሳህን መላክ ልማዱ ነበር፤ ብቻውን ሲበላ የከረመው እንስሳ ለመንደሩ የሚከፋፈልበት ቀን፣ ካባውን ባካፈለው ቅዱስ ስም መጠራቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1615 በታተመው የሰርቫንቴስ ልብ ወለድ፣ የ«ዶን ኪኾቴ» ሁለተኛ ክፍል፣ ባላባቱ ዶን ኪኾቴ አባባሉን የሚጠቀምበት በስሙ ስለተጻፈው ሐሰተኛ መጽሐፍ ሲናገር ነው። አባባሉ የሚገባው እንዲህ በሌላው ድርሻ ለወፈረና ጠያቂ የሌለው ለመሰለው ነው። ለታመመና ለተቸገረ ሰው መናገር ግን ሰውየውን ያለበደሉ ከአሳማ መቁጠር ነው፤ ባልደረባዬ ሕመም ለማንም አይቀርም ለማለት ፈልጎ ከሆነ፣ ስፔንኛ ለዚያ የሚሆን የለዘበ ቃል አያጣም።