ፕሮግራሚንግ በሽምደዳ አይገባም፦ አዲስ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ብዙ ተማሪ ያስደነግጣል። ትምህርቱ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ግማሹን ጭንቀት የሚያመጣው ተማሪው ክፍል ሲገባ ይዞት የሚመጣው ግምት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ከተማሪዎች አፍ ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው።

«ሒሳብ የማይችል ሰው ኮድ መጻፍ አይችልም»

ግማሽ እውነት አለው። ለመጀመሪያው ኮርስ ግን የሚበቃው ሒሳብ አብዛኛው ተማሪ ያለው ነው፦ አራቱ መደብ፣ ሲካፈል የሚተርፈውን ማወቅ፣ ትንሽ አልጀብራ፣ «እና»ን ከ«ወይም» አለማምታታት። አልጎሪዝም (ችግር የሚፈታበት የእርምጃዎች ቅደም ተከተል) ላይ ስትደርሱ ሎጋሪዝምና የማረጋገጫ ዘዴዎች ይመጣሉ። ያኔ ቁጭ ብሎ ማጥናት ግድ ነው። ቢሆንም በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። በሒሳብ ውጤታችሁ ብቻ ተነሥታችሁ ዘርፉን አትሽሹ።

«የመጀመሪያ ቋንቋዬን ከተሳሳትኩ አለቀልኝ»

አያልቅም። ፓይተን፣ ጃቫ ወይም ሲ፣ ኮርሱ በሚሰጥበት ጀምሩ። ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም)፣ ሉፕ (ትዕዛዝን ደጋግሞ ማስኬጃ)፣ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የትዕዛዞች ስብስብ) በሁሉም ውስጥ አሉ። ሁለተኛውን ቋንቋ መልመድ ከመጀመሪያው በጣም ይቀላል።

«ኮዱን ሳነበው ገብቶኛል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላል። ማታ ባዶ ስክሪን ፊት ስትቀመጡ ግን የመጀመሪያዋ መስመር እንኳ እምቢ ትላለች። ብዙዎች ይሄኔ ወደ ሽምደዳ ይሄዳሉ። ፈተና ላይ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር የተሸመደደውን ሁሉ ውሃ ይበላዋል።

እስቲ ይህችን ሞክሩ። ሀ እና ለ ሁለት ቫሪያብሎች ናቸው፤ ሀ ውስጥ 3 አለ፣ ለ ውስጥ 7። ሁለቱን ማቀያየር እንፈልጋለን። ብዙ ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

ሀ = ለ
ለ = ሀ

ሲያዩት ልክ ይመስላል። አሁን ወረቀት አውጡና ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ በሁለቱ ውስጥ ያለውን ጻፉ። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ሀ 7 ሆነ። 3 የት ሄደ? ጠፋ። ሁለተኛው መስመር ያንኑ 7 መልሶ ለ ውስጥ ያስገባል። ሁለቱም 7 ሆነው ቀሩ። 3 እንዳይጠፋ አስቀድሞ በሦስተኛ ቫሪያብል መያዝ ነበረበት። እዚህ የእኩል ምልክቱ ትዕዛዝ ነው፦ የቀኙን አስላ፣ ግራው ውስጥ አስቀምጥ። «ሀ = ሀ + 1» በሒሳብ ሐሰት ሆኖ በኮድ ውስጥ ትርጉም የሚሰጠው ለዚህ ነው።

እንዲህ መስመር በመስመር በእጅ መከታተል ትሬስ ማድረግ ይባላል። አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ልምምድ አላውቅም። የክፍል ምሳሌ ባገኛችሁ ቁጥር ደብተሩን ዝጉ፣ ከባዶ ጻፉት፣ ከዚያ በወረቀት ተከታተሉት። የት ጋ እንዳልገባችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

«ኤረር ከወጣ እኔ አልችልም ማለት ነው»

ኤረር (ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የስህተት መልእክት) ለሁሉም ይወጣል፤ ዓመታት የሠራም ሰው ቀኑን ሙሉ ያየዋል። ጽሑፉን ሳታነቡ አትዝጉት። የመስመር ቁጥሩን ይነግራችኋል። እዚያ መስመር ላይ ምንም ካላገኛችሁ ከፍ ብላችሁ እዩ፤ ያልተዘጋ ቅንፍ እዚያ ሊኖር ይችላል።

«ከሠራ አለቀ»

አንድ ጊዜ ልክ መልስ መስጠትና ሁሌም ልክ መሆን ይለያያሉ። ባይነሪ ሰርች የሚባለው ዘዴ በቅደም ተከተል በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ሁልጊዜ መሐሉን እያየ፣ ግማሹን እየጣለ ይፈልጋል። ከአንድ ሚሊዮን ነገር ውስጥ የፈለገውን ለማግኘት 20 እርምጃ ያህል ይበቃዋል። እንዲህ ቀላል የሚመስለው ዘዴ በጃቫ መደበኛ ላይብረሪ (ከቋንቋው ጋር ተዘጋጅቶ በሚመጣው ኮድ) ውስጥ ለዓመታት ስህተት ይዞ ኖሯል። በ2006 ፕሮግራመሩ ጆሹዋ ብሎክ ይፋ አደረገው። መሐሉን ለማግኘት የታችኛውና የላይኛው ቦታ ተደምረው ለሁለት ይካፈሉ ነበር። ዝርዝሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሲሆን ድምሩ 2,147,483,647ን ሊያልፍ ይችላል፤ ቫሪያብሉ ደግሞ ከዚህ በላይ ቁጥር መያዝ አይችልም። ስለዚህ ቁጥሩ ከጣሪያው ሲያልፍ ወደ ታችኛው ጫፍ ዞሮ ድምሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። በትንሽ ዝርዝር ሲሞከር ምንም አይታይም።

እናንተም አሳይመንታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ነገር ብቻ ያለበት ዝርዝር፣ ዜሮና ኔጌቲቭ ቁጥር ለፕሮግራማችሁ ሰጥታችሁ ሞክሩት።

«ኮምፒውተር ፈጣን ነው፤ አልጎሪዝም ምን ያደርጋል?»

ፊቦናቺ ቁጥሮችን ውሰዱ። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር ነው። ፈንክሽኑ ራሱን እየጠራ እንዲያሰላ አድርጋችሁ ብትጽፉት ኮዱ አጭርና ውብ ይሆናል። 40ኛውን ለማግኘት ግን ከ331 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጠራል፤ ያንኑ ስሌት ደግሞ ደጋግሞ ስለሚሠራ ነው። 100ኛውን ብትጠይቁት ኮምፒውተሩ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጥሪ ቢያስተናግድ እንኳ ከ36 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያለፉትን ሁለት ቁጥሮች ይዞ በሚዞር ሉፕ ብትጽፉት ግን 100 ዙር ያህል ይበቃል፤ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ይህን ልዩነት አይሞላውም።

«ኤአይ ይጽፍልኝ የለ?»

ይጽፋል። የመጀመሪያ ዓመት አሳይመንት ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይጽፋል። ግን ከሁለቱ ፊቦናቺዎች የትኛውን እንደሰጣችሁ የምታውቁት ራሳችሁ ኮዱን መከታተል ስትችሉ ነው። ወረቀት ላይ በሚሰጥ ፈተናም አብሯችሁ አይቀመጥም። ጨርሶ አትንኩት አልልም። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ። ስትጣበቁ የጻፋችሁትን አሳዩትና መልሱን ሳይሆን የትኛው መስመር ላይ እንደሳታችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ማስተካከያውን ራሳችሁ ጻፉ።