የሩጫ ሰዓት የሚተነብየው ውጤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሐዋሳ ግማሽ ማራቶን ሲቃረብ ሐይቁ ዳር የሚሰማው ጥያቄ ያው ነው፦ «ሰዓቴ 1:50 ትገባለህ ይለኛል፤ ልመነው?»

«ሰዓቱ ብቃቴን ይለካል»

አይለካም፤ ይገምታል። ቪኦቱ ማክስ (ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ጊዜ ሊጠቀም የሚችለው የኦክስጅን መጠን) በትክክል የሚለካው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ጭንብል ተጠልቆ ትሬድሚል ላይ ሲሮጥ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት ግምቱን የሚሠራው በዋናነት ከሁለት ነገር ነው፦ ከፔሳችሁ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ከሚፈጅባችሁ ጊዜ፣ እና ከልብ ምታችሁ። አንዱ ከተሳሳተ ትንበያውም አብሮ ይሳሳታል።

«የልብ ምት ጣሪያ 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ የብዙ ሰው አማካይ ስለሆነ አንድ ሰው ላይ ሲመጣ በ10 ምት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስታል። የ40 ዓመት ሰው ሰዓት ጣሪያውን 180 ብሎ ይይዛል። እውነተኛው 195 ከሆነ፣ ሰውየው በ160 ምት ዘና ብሎ ሲሮጥ ለሰዓቱ ሰውየው የደከመ ይመስለዋል፤ ትንበያውንም ያዘገይበታል። እውነተኛው 168 ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሌለውን ፍጥነት ይሰጠዋል። አምኖ የወጣ ሰው 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቱ ከድቶት ይራመዳል።

ጣሪያችሁን ራሳችሁ ለኩ። 15 ደቂቃ አሟሙቁ፤ የሐዋሳውን የታቦር ተራራ በመሰለ ዳገት 3 ደቂቃ በኃይል ውጡ፣ በሶምሶማ ውረዱ። ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ የመጨረሻውን ያለ ስስት። የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ሰዓቱ ላይ በእጅ አስገቡ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ግን ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ምት የልቤ ነው»

ማሰሪያው ከላላ ሴንሰሩ ልብን ትቶ እርምጃ ሊቆጥር ይችላል። በቀላል ሶምሶማ ምቱ ድንገት 170 ላይ ወጥቶ ከቆመ፣ እርምጃችሁም በደቂቃ 170 ከሆነ፣ ልባችሁን አትጠርጥሩ። ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጋችሁ አጥብቁት፤ የደረት ቀበቶ ካለ ደግሞ ይሻላል።

«10 ኪሎ ሜትሩን ካገኘው ማራቶኑንም ያገኘዋል»

ከአንድ ርቀት ውጤት የሌላውን በሚገምተው በታወቀው የሪግል ቀመር 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ የሚገባ ሰው ግማሽ ማራቶኑን በ1:50፣ ማራቶኑን በ3:50 ገደማ ይገባል። ይህ ግን ለርቀቱ ለተዘጋጀ ሰው ነው። ረጅሙ ልምምዱ 18 ኪሎ ሜትር የሆነ ሰው ግማሹን ሊያሳካ ይችላል፤ ማራቶኑ ላይ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ጡንቻው ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ የሚመጣውን ሰዓቱ አያይለትም።

«ትንበያው የትም ይሠራል»

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዷም ሜዳ ነው። እዚህ የተገኘ ቁጥር ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው የአዲስ አበባ ዳገት አይደገምም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቅዝቃዜ የተገኘም 3 ሰዓት ፀሐይ ላይ አይያዝም።

«ሰዓቱ 5:15 ፔስ ካሳየኝ 1:50:46 እገባለሁ»

ስሌቱ ልክ ነው፤ ርቀቱ ግን አይደለም። የውድድር መንገድ የሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፤ ሯጭ ኩርባውን በውጭ በኩል ይዞራል፣ ሰው ለማለፍ ይጠማዘዛል፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ደግሞ ጂፒኤሱ ይዋዥቃል። ሰዓቱ መጨረሻው ላይ በ21.1 ፋንታ 21.35 ኪሎ ሜትር ካሳየ፣ በዚያው 5:15 ፔስ የምትገቡት 1:52:05 ነው። አውቶላፑን (ሰዓቱ በራሱ ልኬት ኪሎ ሜትር በሞላ ቁጥር ጊዜ የሚመዘግብበትን) ከመነሻው በፊት አጥፉት፤ የላፕ ቁልፉን በየኪሎ ሜትሩ ሰሌዳ ስር በእጃችሁ ተጫኑ።