የባሕር ዳርቻ ከተማ ወይስ የኤርፖርት ከተማ? ለመኖሪያ ሲመረጥ የሚያሳስቱ አመለካከቶች

ለመኖሪያ ከተማ የሚመርጥ ሰው ሁለት ቦታዎች ቀረቡለት እንበል፤ አንዱ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ፣ ሌላው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የተጠጋ ከተማ። ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ፍርዱን ይጨርሰዋል። ባሕር ሲባል ነፋሻ በረንዳ፣ ኤርፖርት ሲባል የሚንቀጠቀጥ መስኮት ይታያል። ሁለቱም የእንግዳ ሥዕሎች ናቸው፤ አንዱ በዕረፍት ቀን፣ ሌላው ሻንጣ እየጎተቱ ሲጣደፉ የታየ። ነዋሪው የሚኖረው ግን እንግዳው በተኛበት ሰዓትና እንግዳው በሄደበት ወር ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤርፖርት ያለበት ከተማ በሙሉ ይጮኻል»

የአውሮፕላን ድምፅ ከተማውን በክብ አይከብበውም፤ እንደ መቀነት ረዥምና ጠባብ ነው። ሊያርፍ የሚመጣ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዲግሪ ቁልቁለት፣ ከመንደርደሪያው ጋር በቀጥታ ተሰልፎ ይወርዳል። ስለዚህ ከመንደርደሪያው ጫፍ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ነገር ግን በዚያ መስመር ሥር የተሠራ ቤት አውሮፕላኑ በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ከራሱ በላይ ያልፍበታል። ከመንደርደሪያው በስተጎን 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰፈር ደግሞ ከሩቅ ጉርምርምታ ያለፈ ላይሰማ ይችላል። በካርታ ላይ ርቀት ለክቶ «ይኼ ይሻላል» ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ነፋሱም አለ። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የማረፊያው አቅጣጫም ይገለበጣል። ቤት ሊያይ የሄደው ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ አንድም አውሮፕላን ሳይሰማ ይመለሳል። በገባ በሳምንቱ ነፋሱ ይዞርና በየጥቂት ደቂቃው ንግግሩን እያቋረጠ መጠበቅ ይጀምራል። አከራዩ አልዋሸውም። የሄደበት ቀን ነው የዋሸው። በለንደን ሂትሮው፣ ነፋሱ ከምዕራብ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከሁለቱ መንደርደሪያዎች የሚያርፉበት በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይቀየራል፤ በመስመሩ ሥር ያሉ ነዋሪዎች ቢያንስ ግማሽ ቀን እንዲያርፉ ታስቦ ነው። እዚያ ጠዋት ቤት ያየ ሰውና ከሰዓት በኋላ ያየ ሰው የተለያየ ሰፈር አይተው ይመለሳሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ሌሊቱ ነው። በፍራንክፈርት ከ2011 ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይፈቀድም። በተቃራኒው የጀርመኗ ላይፕዚሽ እና የአሜሪካዋ ሉዊቪል ኤርፖርቶች የጥቅል ዕቃ ማከፋፈያ ማዕከል ስለሆኑ፣ ሥራቸው የሚደራው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው። ስለዚህ «ኤርፖርቱ ስንት መንገደኛ ያስተናግዳል?» ከማለት «የጭነት አውሮፕላን አለ? በስንት ሰዓት ይነሣል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

የድምፅ ካርታ አሳይተው «አማካዩ ዝቅተኛ ነው» የሚሉም አሉ። አማካይ ማለት በአውሮፕላኖች መካከል ያለው ጸጥታም አብሮ የተቆጠረበት ነው፤ እንቅልፍ የሚሰብረው ደግሞ አንዱ አውሮፕላን እንጂ አማካዩ አይደለም። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤልም እንደ ኪሎ አይደመርም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ በግምት እጥፍ አድርጎ ይሰማዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ45፣ በሌሊት ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ቁጥሩን ይዞ ካርታውን ማየት አይከፋም፤ መስኮት ከፍቶ አንድ ሌሊት ማደር ግን ይበልጣል።

«ባሕር ዳር መኖር ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት ነው»

የዕረፍቱ ባለቤት እንግዳው ነው፤ ነዋሪው አስተናጋጅ ነው። በሞቃት ወራት እኩለ ሌሊት ላይ የሻንጣ ጎማ ድንጋዩን እየቆረቆረ ያልፋል፣ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል፣ ጎሕ ሳይቀድ የባሕር ወፎች ጣሪያ ላይ ይጯጯኻሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ የመንገዱ ሱቆች በተርታ መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ የአውቶቡሱ ምልልስ ይሳሳል፣ መድኃኒት ለመግዛት ሩቅ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህንን ባዶነት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከግርግሩ እሱን እመርጣለሁ። ሳያውቁት ገብተው የሚደነግጡት ግን ይበዛሉ።

ለተከራይ ሌላም መዘዝ አለ። ባለቤቱ ቤቱን ለእንግዳ በቀን ማከራየት የሚያዋጣው ከሆነ፣ ሞቃቱ ወቅት ሲቃረብ ነዋሪውን «ልቀቅልኝ» ይለዋል። ባርሴሎና በ2024 ለእንግዳ የሚከራዩ የመኖሪያ ቤቶችን ፈቃድ በ2028 ሲያበቃ እንደማታድስ ያስታወቀችው ነዋሪዋ ቤት አጥቶ ስላማረረ ነው።

«የባሕር እይታ ያለው ቤት አንዴ ከተገዛ ወጪው አለቀ»

ጨው ደረሰኝ አይቆርጥም እንጂ በየቀኑ ያስከፍላል። ከማዕበሉ የሚረጨው ጠብታ በነፋስ እየተወሰደ የበር ማጠፊያውን፣ የበረንዳውን አጥር፣ የአየር ማቀዝቀዣውን የውጭ ክፍል ይበላል። «አይዝግም» የተባለው ብረት ራሱ ዓይነት አለው፤ ለቤት ውስጥ በብዛት የሚያገለግለው ባለ 304 ቁጥሩ በባሕር አየር ቡናማ ነጥብ ያወጣል፣ ሞሊብዲነም የተባለ ማዕድን የተጨመረበት ባለ 316 ይሻላል። የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። ጨው ኮንክሪቱን ዘልቆ ውስጥ ያለውን ብረት ሲያዝገው፣ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቤት ሲታይ ባሕሩን ማየት ለነገ ሊቆይ ይችላል፤ መጀመሪያ ጀርባን ለባሕሩ ሰጥቶ የበረንዳውን የታችኛውን ገጽ ማየት ነው። ዝገት የሚያነባ ስንጥቅ ካለ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ የጥገናው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ውኃውም ባለበት አይቆይም። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር ወለል በአማካይ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የመድን ድርጅት ቤቱን ይቀበለው እንደሆነ ይጠየቅ።

«አየሩ በአንዱ ንጹሕ፣ በሌላው መርዝ ነው»

እዚህ ላይ ወሬው ግማሽ እውነት አለው። በሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ዙሪያ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ እጅግ ደቃቅ ብናኞች ከወትሮው ቢያንስ በእጥፍ በዝተው አግኝቷል። ቢሆንም «በነፋሱ አቅጣጫ» የሚለው ቃል መዘንጋት የለበትም፤ ከነፋሱ በስተጀርባ ያለው ሰፈር ዕጣው ሌላ ነው። ባሕር ዳርም ቢሆን የመርከብ ወደብ ከጎኑ ካለ የነዳጅ ጭስ አይቀርለትም።

«ኤርፖርት አጠገብ ከሆንኩ ጉዞ ቀለለልኝ»

አጥሩ ይቀርባል፤ በሩ ግን በወዲያኛው በኩል ሊሆን ይችላል። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንደርደሪያ መሀል ለመሀል አይቋረጥም፤ ዙሮ መሄድ ነው። በዓመት ሁለቴ ለሚበር ሰው ይህ ምቾት ከንቱ ነው። የሚጠቅመው ሌሊት ተነሥቶ ፈረቃ ለሚገባው ሠራተኛ ነው። ደግሞም ባሕሩንና ኤርፖርቱን አንድ ላይ ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ አለ። የእንግሊዟ ብራይተን ባሕር ዳር ሆና፣ ከጋትዊክ ኤርፖርት በቀጥታ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ትርቃለች። በፈረንሳይዋ ኒስ ደግሞ ኤርፖርቱ ራሱ በከፊል ከባሕር ላይ በተሞላ መሬት ላይ ተሠርቷል።

«ኤርፖርት ያለበት ሥራ አያጣም»

በ2019 ወደ 4.5 ቢሊዮን የነበረው የዓለም የአየር መንገደኛ ቁጥር በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ። በዚያ ዓመት የኤርፖርቱም የሆቴሉም ሠራተኛ እኩል ቤት ዋለ፤ ሁለቱም ከተሞች የተንጠለጠሉት በዚያው በተጓዥ ገመድ ነውና። ልዩነቱ በደህና ጊዜ ነው። የመዝናኛ ከተማ ሥራ በወቅት ይመጣል፣ በወቅት ይሄዳል፤ የኤርፖርት ሥራ ዓመቱን ይዘልቃል፣ በምላሹ ሌሊትና በዓልን ይወስዳል። አስጎብኚ ለመሆን የሚያስብና የአውሮፕላን ጥገና የተማረ ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም።

«ኤርፖርቱ ባለበት ይኖራል»

በሆንግ ኮንግ ካይ ታክ አውሮፕላኖች ለዓመታት ከፎቆቹ ጣሪያ ብዙም ሳይርቁ ያርፉ ነበር። በሐምሌ 1998 ኤርፖርቱ ተዘግቶ ሥራው በአንድ ሌሊት ወደ አዲሱ ቼክ ላፕ ኮክ ተዛወረ፤ የሰፈሩ ሰዎች በማግስቱ ጸጥታ ውስጥ ነቁ። ተቃራኒውም ይደርሳል፦ ዛሬ ጸጥ ያለ ሰፈር ነገ በአዲስ መንደርደሪያ መስመር ሥር ሊገባ ይችላል። ውል ከመፈረም በፊት የኤርፖርቱን የማስፋፊያ ዕቅድ ማንበብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።