በጅማ የክረምት የልጆች እግር ኳስ ስልጠና፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በጅማ ትምህርት ቤቶች ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲዘጉ የልጆች እግር ኳስ ስልጠና ይጀመራል። ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜን ይቆያል። ሰዉ «የክረምት ስልጠና» ይለዋል። ልጆቹ ጠዋት መጥተው፣ ሠልጥነው፣ ምሳ ሳይደርስ ቤታቸው ይገባሉ። አዳር የለም። የሚያሠለጥኑት በአብዛኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው፤ ከመምህራን ኮሌጁ የወጡ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዎችም አሉበት። አንድ ባለቤት፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ የተመዘገበ ስም የለውም። ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ያልተገኘለትም ለዚህ ይመስላል።

አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳዩ ነገር ትልቅ ሥራ ነው። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች በራሳቸው ሜዳ በበጋቸው ወራት የቀን ካምፕ ይከፍታሉ፤ ወላጅ ከፍሎ ያስመዘግባል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ፣ ካምፑ በቁጥር፣ በዕድሜ፣ በክፍል ደረጃና በጾታ ካልተገደበ በቀር ለመጣ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት ይላል። አሰልጣኙ ጎበዞቹን ብቻ እየጠራ ወደ ቡድኑ እንዳይስብ ነው። የጅማውን ከዚያኛው ጋር የሚያመሳስለው የዩኒቨርሲቲ ሰው ማሠልጠኑና ልጁ ቤቱ ማደሩ ብቻ ነው።

ክረምቱና ሰዓቱ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ብዙው የሚወርደው ደግሞ ልጆቹ ነፃ በሚሆኑባቸው በእነዚሁ ወራት ነው። አሜሪካ ያለው አሰልጣኝ ልጆቹን ከፀሐይ ሲሸሽግ የእኛው ከጭቃ ጋር ይታገላል።

ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሰማዩ ነው ማለት ይቻላል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ስልጠናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ተጀምሮ ከ4 ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። የጅማ አፈር ሸክላማ ነው፤ ሲርስ ጫማ ላይ ይለጠፋል፣ ታኬታ ያለውም የሌለውም እኩል ይንሸራተታል። ጥሩ አሰልጣኝ እንዲህ ባለ ቀን የመሬት ቅብብል አያሠራም፤ ኳሷ ኩሬ ውስጥ ቁጭ ትላለቻ። ኳስ ማቆም፣ ሰውነትን ማዞር፣ በጠባብ ቦታ ሦስት ለሦስት መጫወት ይሻላል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘው ያለ አይመስልም፤ ሜዳው ራሱ ነው ያስተማራቸው።

ቀልድ የማያውቀው መብረቁ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ሜዳው ይለቀቃል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍም አይመለሱም። ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ ክፍል ውስጥ ነው መግባት። የስፖርት ሳይንስ ሰው ያለበት ሜዳ እዚህ ላይ ይለያል። ሰፈር ውስጥ ያለ አሰልጣኝ ሁሉ ግዴለሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ሰዓቱን የሚወስነው ዝናብ ብቻም አይደለም። ብዙ የጅማ ልጆች ክረምቱን መድረሳ ይውላሉ፤ አሰልጣኙ ከኡስታዙ ጋር ካልተነጋገረ ግማሹ ቡድን ይጠፋል። አርብ ቀደም ብሎ ይበተናል፣ ጁምዓ አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ነው። ትናንሾቹ ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ስለሆነ፣ ቁርስ ያልበላ የ9 ዓመት ልጅ ሜዳ ዙሪያ ማስሮጥ ጭካኔ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሩጫ ተቀንሶ በኳስ ጨዋታ ይተካል። ቡሄ ዕለት ማን ይመጣል ብላችሁ ነው!

አሰልጣኞቹ ከየት ይመጣሉ

ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲ ባዶ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። እንዲያውም ሌላ ዓይነት ተማሪ ይሞላዋል። በየወረዳው የሚያስተምሩ መምህራን ትምህርታቸውን ለማሻሻል የሚመጡት በክረምት ነው፤ ከነሱ መካከል የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዎች አሉ። ክፍል ውስጥ የተማሩትን የሚሞክሩበት ልጅ ይፈልጋሉ፣ ከተማው ደግሞ ሥራ ፈትቶ የሚውል ልጅ ሞልቶታል። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባለውም በዚሁ ሰሞን ስለሆነ ወጣቶቹ በዚያም በኩል ይመጣሉ።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ የዩኒቨርሲቲው ጠባይ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ነው በዚህ ስም የቆመው፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ማለት ነው። የጤናው ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ መሃል እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነበር፤ ይህ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ዛሬም የዩኒቨርሲቲው መለያ ነው። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ሜዳ ወርዶ የሰፈር ልጅ ሲያሠለጥን ከዚሁ ባህል የተቀዳ ነው። በአገራችን ይህን ያህል ከከተማው ጋር የተጋባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ አለ ብዬ አላምንም።

ማን ጀመረው የሚለው ግን ያከራክራል። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በሥርዓት የተደራጀ ስልጠና የመጣው በእነሱ እንደሆነ ይናገራሉ፣ ትክክልም ናቸው። የሰፈር አሰልጣኞች ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ሳይኖር እኛ ሄርማታና መንደራ ሰፈር ላይ ልጅ ሰብስበን እናጫውት ነበር ይላሉ። እሱም ውሸት ነው አይባልም።

ታሪኩ

ከተማዋ ከኳስ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ አባት የሚባሉት ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት ጅማ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ከ1972 እ.ኤ.አ. እስከ ሕልፈታቸው 1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። በደርግ ዘመን ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ኳሱም በቀበሌና በክፍለ ሀገር ደረጃ ይካሄድ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ 2009 እንዝለል፤ ወሬው የሞላው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ጅማ አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። የከተማው ሰው አፉን ይዞ ሳለ ጅማ ከተማ የሚባለው ሌላው ክለብ ወደ ሊጉ አደገ፤ ስሙንም ጅማ አባ ጅፋር አለ። ስሙ ከጅሬን ቤተ መንግሥት ባለቤት ከንጉሥ አባ ጅፋር የተወሰደ ነው። እና ምን ሆነ? በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ በመጀመሪያው ዓመት የ2010 ሻምፒዮን ሆነ! ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ፣ በጎል ልዩነት። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ።

በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የጅቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። ካይሮ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። በድምር ወጣ፤ ግን አል አህሊን ያሸነፈ ቡድን ነው። የ2010ንና የ2011ን ክረምት የጅማን ሜዳዎች ያየ ሰው የልጁን ብዛት ያስታውሳል። ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ሁሉ ስማቸው ኦኪኪ ነበር።

2012 ክረምት በኮሮና ተዘጋ።

2013 ላይ ሌላ ነገር መጣ። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው እየተጫወቱ ከተማ መቀያየር ጀመሩ። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ተረኛዋ ጅማ ሆነች፤ ሜዳው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነበር። ከጥር ወር ጀምሮ አገሪቱ ውስጥ ያለ ትልቅ ተጫዋች ሁሉ ከተማችን ገባ። ለክረምት ስልጠናው ይህ ከዋንጫው የበለጠ ጠቅሟል ባይ ነኝ። ልጆቹ ቡድኖች እንዴት እንደሚያሟሙቁ፣ በረኛ ከተከላካዮቹ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ለማየት ዕድሉ እደጃቸው መጣ። በቴሌቪዥን የምናየው አውሮፓ ይህን አያሳይም፣ ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተለው።

አባ ጅፋር በ2014 ከሊጉ ወረደ። ስልጠናው ግን አልቆመም፤ ይህ ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም። ልጅ ሜዳ የሚወጣው ክለብ ስላለ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ሜዳው እንዳይታጠፍ ያደረጉት ግን ክረምት ላይ ከተማው የሚቀሩት የስፖርት ሳይንስ ሰዎች ናቸው። ክለብ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መምህር ግን በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይዞ ይመጣል።

ሜዳ ላይ የሚሠራው

ልጆቹ በዕድሜ ይከፈላሉ። ትናንሾቹ ጨዋታ ብቻ ነው፦ ማሳደድ፣ ኳስ እየነዱ ማምለጥ። ከ8 እስከ 12 ያሉት ቁጥር 4 ኳስ ይጠቀማሉ፤ ዙሪያዋ ከ63.5 እስከ 66 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ያሉት እንደ ትልቅ ሰው ቁጥር 5 ይመታሉ፣ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ረጥባ ጭቃ የያዘች ቁጥር 5 ኳስ ለ9 ዓመት ልጅ ድንጋይ ናት። ችግሩ ቁጥር 4 እንደልብ አለመገኘቷ ነው፤ ሱቁ ሁሉ 5 ነው። ኮን ሲጠፋ ሃይላንድ ላስቲክ በአሸዋ ሞልቶ መደርደር ነው።

ትእዛዙ ግማሽ ኦሮምኛ ግማሽ አማርኛ ነው። «ኮቱ! ኮቱ! (ና! ና!) አቀብል!» ሲባል ማንም አይደናገርም።

ቴስታ ላይ ስምምነት የለም። የአሜሪካ ፌዴሬሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ኳስ በጭንቅላት መምታትን ከልክሏል፤ ምክንያቱ የአንጎል ጉዳት ስጋት ነው። እኛ ጋ ወጣቶቹ አሰልጣኞች ይህን ተቀብለዋል። አንጋፋዎቹ «ታዲያ ኮርነር ሲመጣ ልጁ ይጎንበስ?» ይላሉ። ለትናንሾቹ መተው ይሻላል።

ጫማ የጤና ጉዳይ ነው። ባዶ እግር ጭቃ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ በእግሩ ቆዳ በኩል የሚገባ የአንጀት ትል ሊይዘው ይችላል፤ ደሙን እየመጠጠ ያደክመዋል። ትሉ በአንድ የአልቤንዳዞል ክኒን ይታከማል፣ ግን ልጁ ነገም በባዶ እግሩ ከወጣ ተመልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ታኬታ ባይኖር ሸራ ጫማ፣ እሱም ባይኖር ኮንጎ ይበቃል። ጫማ የለህም ተብሎ የተመለሰ ልጅ ካለ ግን ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው።

ክፍያ፣ ዕድሜ፣ ሴት ልጆች

አንዳንዱ ሜዳ በነፃ ነው፣ አንዳንዱ ለኳስና ለማልያ መግዣ ትንሽ ያስከፍላል። እዚህ ላይ የጅማን ኢኮኖሚ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ቤቱ ውስጥ ገንዘብ የሚሳሳበት ጊዜ ነው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። በዚህ ወቅት ክፈሉ ማለት ቡና ያለውንም ማስጨነቅ ነው። ቡናው ሲሸጥ ትከፍላላችሁ ብሎ የሚመዘግብ አሰልጣኝ አዋቂ ነው።

ዕድሜ የሁሉም ራስ ምታት ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው 2008 መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተወለዱ ብዙ ልጆች ማስረጃው የወላጅ ቃል ነበር። ዕድሜ መቀነስ የታወቀ ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያል፤ ለክረምት ስልጠና ግን ማን ኤምአርአይ ያመጣል? አሰልጣኞቹ በቁመትና በጉልበት እያዩ ያመጣጥናሉ። ለስልጠና በቂ ነው፣ ለውድድር አይሆንም። ከ13 በላይ ሆነው ጎበዝ የሚባሉት ታዳጊ ተጫዋቾችን ወደሚያሳድገው ፕሮጀክት ይላካሉ፤ የልደት ወረቀት በጥብቅ የሚጠየቀውም እዚያ ነው።

ሴት ልጆች ይመጣሉ፣ ግን ይቆራረጣሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ውሃ የሚቀዳበት፣ ቤት የሚጠረግበት ሰዓት ነው፤ ክረምት ላይ ትምህርት የለም ተብሎ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ይከመራል። ሴት አሰልጣኝ ያለችበት ሜዳ ላይ እናቶች ልጃቸውን ለመላክ እምብዛም አያንገራግሩም። የስፖርት ሳይንስ ሴት ተማሪዎች ቁጥር ከወንዶቹ ስለሚያንስ ደግሞ ለሁሉም ሜዳ አትዳረስም። አንዳንድ ሜዳዎች የሴቶቹን ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ገፋ አድርገውታል፤ ዝናቡ ቀደም ብሎ የጀመረ ቀን ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው የእነሱ ክፍለ ጊዜ ይሆናል።