የንቅለ ተከላ አካልን የማውጣትና የማቆየት ሥልጠና በኢትዮጵያ

ኩላሊትን ከለጋሽ አውጥቶ ተቀባዩ ውስጥ እስኪተከል ድረስ ሳይጎዳ ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሙያ የተተከለው በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላም በመስከረም 2008 ዓ.ም. እዚያው ተካሂዷል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ታማሚ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው በኩላሊት እጥበት ላይ ይቆያል፣ ለእጥበቱ መክፈል ያልቻለ ደግሞ ሕይወቱን ያጣ ነበር።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድሆች አገልግሎት ተቋቋመ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለንቅለ ተከላው መሠረት የሆነው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ትብብር መጀመሪያ በማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበር፤ በኋላ ዶክተር ጄፍሪ ፓንችን የመሳሰሉ የንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሞች እየተመላለሱ አብረው መሥራትና ማስተማር ያዙ። ትምህርቱ የተሰጠው እጅ በእጅ ነው፦ መጀመሪያ እንግዳው ሐኪም እየሠራ ኢትዮጵያዊው ያግዛል፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያዊው እየሠራ እንግዳው ያግዛል። ተራው እንዲህ የሚለዋወጥበት ትብብር ሁሉም ተቋም የሚያገኘው ዕድል አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ የራሱን ባለሙያዎች ለማብቃት በሚገባ ተጠቅሞበታል።

የቅዱስ ጳውሎስ መርሐ ግብር በሕያው ለጋሽ ላይ የተመሠረተ መሆኑ የሥልጠናውን ጠባይ ወስኖታል። ለጋሹ ጤነኛ ሰው ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ለራሱ አካል ምንም ጥቅም አያመጣለትም። ስለዚህ ሠልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ለጋሹን በደኅና ወደ ቤቱ መመለስን ነው። የግራው ኩላሊት ደም መልስ ከቀኙ ረዘም ስለሚል ለመስፋት ይመቻል፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ ኩላሊቶች እኩል ጤነኛ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ግራው ይመረጣል። ልዩነት ከታየ ግን የተሻለው ለለጋሹ ይቀራል። የሽንት ቱቦውን ሲለዩ በዙሪያው ያለውን ስብ ገፍፎ ማራቆት ለጀማሪ የሚቀናው ስሕተት ነው፤ ቱቦውን የሚመግቡት ቀጫጭን ደም ሥሮች በዚያ ስብ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ የተራቆተ ቱቦ ከተተከለ በኋላ ሊሞትና ሽንት ሊያፈስ ይችላል። ደም ሥሮቹ ሲቆረጡ መጀመሪያ ደም ቅዳው፣ ቀጥሎ ደም መልሱ ይዘጋል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኩላሊቱ በደም ይወጠራል። ይህ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1995 በባልቲሞር በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በመሥራት ዘዴ፣ ተሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደው መንገድ እርሱ ሆኗል።

ደም ቅዳው ከተዘጋበት ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል። ኩላሊቱ በረዶ ወደተሞላበት ሳህን ይገባና በደም ቅዳው በኩል በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ቡናማ ቀይ የነበረው ቀስ በቀስ ይገረጣል፣ ከደም መልሱ የሚወጣውም ፈሳሽ ይጠራል። አንድ ጥግ ሳይገረጥ ከቀረ ሌላ ያልታየ ደም ቅዳ አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል ሠልጣኙ ዓይኑን ከሳህኑ አያነሣም። በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሕዋሳት የኦክስጅን ፍላጎት እጅግ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ሶዲየምን ከሕዋሱ የሚያስወጣውን ፓምፕ ስለሚያዳክም ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን ያሳብጠዋል። የማቆያ ፈሳሾች የተፈለሰፉት በዋናነት ይህን ለመግታት ነው። ጄፍሪ ኮሊንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ፖታስየም የበዛበት ፈሳሽ አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1967 በሳን ፍራንሲስኮ በኩላሊቱ ውስጥ ፈሳሽ በማሽን እያዘዋወሩ የማቆየት ዘዴ የሠራው ፎልከርት ቤልዘር ደግሞ በ1980ዎቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከጄምስ ሳውዘርድ ጋር ላክቶባዮኔትና ራፊኖስ የተባሉ፣ ወደ ሕዋስ በቀላሉ የማይገቡና እብጠትን የሚገቱ ንጥረ ነገሮች ያሉበትን ፈሳሽ አዘጋጀ። በዚህ ፈሳሽ ኩላሊት ከአንድ ቀን በላይ፣ ጉበት ደግሞ ለ12 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ልብ ግን በበረዶ ከ4 ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከሟች ለጋሽ ለሚገኝ ኩላሊት ማሽኑ ከበረዶው ይሻላል፤ ለሌሎቹ አካላት ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን በባለሙያዎች ዘንድ አሁንም የሚያከራክር ይመስላል። ለጋሹና ተቀባዩ በአንድ ሆስፒታል በጎን ለጎን ክፍሎች በሚተኙበት በአዲስ አበባ ቆይታው አጭር ስለሆነ ቀዝቃዛ ፈሳሽና በረዶ ይበቃሉ።

ከሟች ለጋሽ አካል ማውጣት ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። የልብ፣ የሳንባ፣ የጉበትና የኩላሊት ቡድኖች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ ዋናው የደም ቅዳ ግንድ ሲዘጋ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ወደ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ከዚያም አካላቱ በየተራ ይወጣሉ፣ ልብ ቀድሞ፣ ኩላሊት መጨረሻ። ሥርዓቱን ቶማስ ስታርዝልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፈው አሰራጭተዋል። ለዚህ የአንጎል ሞትን የሚያረጋግጥ አሠራርና ለጋሹን እስከዚያ ሰዓት የሚጠብቅ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ከሟች የመውሰድ ልምድ የዳበረው በዓይን ብሌን (ኮርኒያ፣ የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በሕይወት እያሉ ቃል ከገቡ ለጋሾች፣ ቤተሰብም ሲፈቅድ፣ ብሌን ይሰበስባል። የሠለጠነው ባለሙያ ሞቱ እንደተሰማ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአስከሬኑ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ሥራውን ሲጨርስም ለቀብር የሚሰናዳው ፊት እንደነበረ ሆኖ እንዲታይ የዓይኑን ቦታ ሞልቶ ቆቡን ይዘጋል።