«ፌስተን»፦ ስለ ዴንማርኩ የልደት ድግስ ፊልም የሚባለውና እውነታው

የዴንማርኩ ዳይሬክተር የቶማስ ቪንተርበርግ «ፌስተን» እ.ኤ.አ. በ1998 በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት የተጋራ ፊልም ነው። ሄልገ የሚባል ባለጸጋ የሆቴል ባለቤት 60ኛ ልደቱን ያከብራል። የበኩር ልጁ ክርስቲያን ከማዕድ ተነስቶ አባቱ በልጅነቱ እሱንና መንትያ እህቱን ሊንዳን ይደፍራቸው እንደነበር በእንግዶች ፊት ይናገራል። ሊንዳ ከድግሱ ጥቂት ቀደም ብላ ራሷን አጥፍታለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የታሪኩን መጨረሻ ይገልጣል፤ ያላየ ቢያየው ይሻላል።

«ዶግማ 95 ያለ ሕግ፣ እንደመጣ መቅረጽ ነው»

ተቃራኒው ነው። ዶግማ 95 «ፌስተን» የተሠራበት የፊልም ሠሪዎች ንቅናቄ ነው፤ ቪንተርበርግና ሌላው የዴንማርክ ዳይሬክተር ላርስ ፎን ትሪየር እ.ኤ.አ. በ1995 የፈረሙት ሰነዱ 10 ጥብቅ ደንቦች አሉት። ከውጭ የሚመጣ ቁሳቁስ የለም፣ ካሜራው በእጅ ይያዛል፣ ድምፅ ከምስሉ ተለይቶ አይቀረጽም፣ ልዩ መብራትና ፊልተር ክልክል ነው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ እዚያው የሚዘፈነውና በፒያኖ የሚመታው ብቻ ነው። ደንቡ ምን ያህል እንደከበደ ለማወቅ የቪንተርበርግን ኑዛዜ ማየት ይበቃል፦ በአንድ ቀረጻ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ መሸፈኑን፣ ያልነበረ የሆቴል መቀበያ ጠረጴዛ እዚያው በተገኘ እንጨት ማሠራቱን፣ አንድ ጊዜም ካሜራውን በማይክሮፎን ዘንግ ላይ ማሰሩን አምኗል። ታሪኩም እንደመጣ የተወራ አይደለም፤ ቪንተርበርግ ከሞገንስ ሩኮቭ ጋር የጻፈው ስክሪፕት አለው።

ደንቡ የዳይሬክተሩ ስም እንዳይጻፍ ስለሚያዝ ፊልሙን ለፎን ትሪየር የሚሰጡ አሉ። የእሱ የዶግማ ፊልም ግን «ዘ ኢዲየትስ» ነው።

«ምስሉ የደበዘዘው ቅጂው ስለተበላሸ ነው»

አይደለም። ካሜራማኑ አንቶኒ ዶድ ማንትል የቀረጸው በእጅ መዳፍ በምትያዝ የሶኒ ቪዲዮ ካሜራ ሲሆን፣ ምስሉ ኋላ ወደ 35 ሚሊሜትር ፊልም ተገለበጠ። እንዲህ ያለች ካሜራ ብርሃን ሲያንሳት ምስሉን ታሻክረዋለች፤ መብራት መጨመር ደግሞ ክልክል ነው። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ፊቶች በሻካራ ነጠብጣብ እየተዋጡ የሚሄዱት ለዚህ ነው። በቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ምስሉን ወደ ጎን አትለጥጡት፤ ወደ ካሬ የቀረበ ሆኖ መታየት አለበት። «የምስል ማጥሪያ» የሚለውንም አጥፉት፤ ነጠብጣቡን ሲጠርግ ፊቱን ሰም ያስመስለዋል።

«እውነተኛ ታሪክ ነው»

መነሻው በዴንማርክ ሬዲዮ አንድ ሰው የተናገረው ታሪክ ነው። ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሰውየው ተፈልጎ ተገኘና ታሪኩን ፈጥሬው ነው ሲል አመነ። ይህ ፊልሙን አያሳንሰውም። የቤተሰቡ ዝምታ የተሠራበት መንገድ ልክ ነውና።

«ክርስቲያን ሲናገር እንግዶቹ አላመኑትም»

ብዙ ተመልካች የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማመንና አለማመን ገና ጥያቄ ሆኖ አልቀረበላቸውም፤ ድግሱ እንዳይቋረጥ ነው የሚፈልጉት። ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ ምግቡ ይቀጥላል፣ የመርሐ ግብሩ መሪም ወደ ቀጣዩ ንግግር ያልፋል። እናትየው ኤልሰ ተነስታ ልጇ በልጅነቱ ምናቡ ሰፊ እንደነበር እያወራች ይቅርታ እንዲጠይቅ ትጋብዘዋለች። በለሆሳስ፣ በፈገግታ ነው የምታደርገው፤ ከአባትየው ቁጣ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። ክርስቲያን በበኩሉ አንድ ቀን በሩን ከፍታ ሁሉን እንዳየች ይነግራታል። ያኔ ጎትተው ያወጡታል፤ በኋላም ጫካ ወስደው ከዛፍ ጋር ያስሩታል።

እነዚሁ እንግዶች ታናሹ ልጅ ሚካኤል በእህቱ በሄሌነ ጥቁር ወዳጅ ላይ የዘረኝነት ዘፈን ሲጀምር በአንድነት ይቀበሉታል። ታዲያ ለምን ተነስተው አይሄዱም? የክርስቲያን የልጅነት ጓደኛ የሆነው ወጥ ቤቱ ኪም የመኪና ቁልፎቻቸውን አስደብቆባቸዋል። ትንሽ ዘዴ ትመስላለች፤ ባትኖር ግን ታሪኩ ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ ያበቃ ነበር።

«ድፍረት ብቻ እውነትን ያወጣል»

የክርስቲያን ድፍረት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አልበቃም። ነገሩን የቀየረው የሟቿ የሊንዳ ደብዳቤ ነው። ሄሌነ አግኝታ ደብቃው ነበር፤ አስተናጋጇ ፒያ እጇ ገብቶ ለክርስቲያን ሰጠችው፤ በመጨረሻ ሄሌነ ራሷ ታነበዋለች። ክርስቲያን ለምን እንዳደረገው ሲጠይቀው አባትየው «ከዚያ ውጭ የምትረቡ አልነበራችሁም» የሚል ትርጉም ያለው መልስ ይሰጣል። ክህደቱ በገዛ አፉ ያበቃል።

«መጨረሻው ዕርቅ ነው»

በማግስቱ ቁርስ ላይ አባትየው መጥቶ ጥፋቱን ያምናል፣ ልጆቹንም እንደሚወዳቸው ይናገራል። ይቅር ያለው ግን የለም። ሚካኤል፣ ሌሊት አባቱን የደበደበው ልጅ፣ ቁርሳችንን እንድንበላ ተነስ ይለዋል። ሄልገ ይነሳል። ሚስቱን ነይ እንሂድ በሚል ዓይን ያያታል፤ ኤልሰ ግን ከወንበሯ አትነቃነቅም።