ሣር፣ አፈርና ቀለም፦ ትንንሽ ልጆች በሐረር ሙዚየሞች

ትንሽ ልጅ ሙዚየም ገብቶ ቶሎ የሚሰለቸው የማይነካ ነገር ሲበዛበት ነው። ዓይኑ ያየውን እጁ ይፈልጋል። ለልጆች ተብሎ የተከፈተው የመጀመሪያው ሙዚየም፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ሥራ የጀመረው፣ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ዛሬ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች የሚዘጋጀው ጥበብንና ተፈጥሮን የሚያገናኝ ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ዕቃ በደንብ ይታያል፣ ዕቃው የተሠራበት ነገር በእጅ ይዳሰሳል፣ ከዚያ ልጁ ራሱ አንድ ነገር ይሠራል።

ሐረር ለዚህ ብዙም አትቸገርም። በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ውስጥ ያሉት ሙዚየሞች ከያዙት ዕቃ ብዙው ሣር፣ ሸክላ፣ እንጨትና ቆዳ ነው።

መጀመር ያለበት ከስፌት ይመስለኛል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት በሚታይበት ሙዚየም ግድግዳው በስፌት ዕቃ ተሸፍኗል። ከመሶቡ ፊት ልጆቹን አስቀምጦ ዙሩን ከመሃል ወደ ጠርዝ በጣት፣ በአየር ላይ፣ እንዲከተሉ ማድረግ ነው። ቀጥሎ ስፌት የሚሰፋባቸው ሣሮች፣ ጥቂት አክርማና ስንደዶ፣ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። አንዱ እስር ሣር ውስጥ ይሆናል፣ ሌላው ይጠመጠምበታል፤ በየዙሩ ወስፌ ቀዳዳ ይከፍታል። ወስፌ ስለታም ስለሆነ ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም። ሣር ነክሮ ማለስለስና እንደ ሹሩባ መጎንጎን ይበቃቸዋል። ሣሩ ሲደርቅ እንደሚሰበር፣ ሲርስ እንደሚታጠፍ እጃቸው ያውቀዋል።

ሁለተኛው አፈር ነው። በዚያው ቤት መደቦቹ፣ ነደባ የሚባሉት፣ ቀይ ናቸው። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም ሐረሮች ከምኒልክ ጦር ጋር በተዋጉበት በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ለአራት ዓመት ልጅ ይህን መተረክ ግን አስፈላጊ አይደለም። ቀይ አፈር ተነፍቶ፣ በውሃና በትንሽ ሙጫ ተለውሶ ወረቀት ላይ ሲቀባ ማየት ይበልጥበታል። ልብሱ መቆሸሹ አይቀርም፤ እናቶች አስቀድመው ቢነገራቸው ጥሩ ነው።

ሐረር የኖረውን ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦን የሚያስታውሰው ቤት ደግሞ ባለቀለም የመስኮት መስታወት አለው። ፀሐይ ስትገባ ነጭ ወረቀት ከሥሩ መዘርጋትና ቀለሙ የት እንዳረፈ በእርሳስ ማስከበብ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀለሙ ክቡን ጥሎ ይሄዳል። ቁጭ በሉ ማለት የማያስፈልግበት ብቸኛው ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሸሪፍ ሙዚየም የብራና ጽሑፎችና ሳንቲሞች ለትልልቆቹ ይሻላሉ።

ከሙዚየም ወጥቶ የጀጎል ግንብ ድንጋይ ላይ ወረቀት ለጥፎ በከሰል ወይም በክሬዮን ማሸት ይቻላል፤ የድንጋዩ ሻካራነት ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ድንጋዩን መቧጨር ግን ክልክል ነው፣ ቅርስ ነውና። ቅጠልም ከዛፍ አይቀጠፍም፣ የወደቀው ይለቀማል።

ጅቡስ? ሐረር መጥቶ ጅብ የማይጠይቅ ልጅ የለም። የመመገቡ ትርኢት ማታ ስለሆነ ትንንሾቹ ይተኛሉ፣ ይፈራሉም። ቀን ላይ በሥዕል ይሠራል። የጅብ የፊት እግሩ ከኋለኛው ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ጭራው ይወርዳል። ይህ አንዴ ከተነገራቸው ውሻ የሚመስል ጅብ መሳል ያቆማሉ።